ባቡር በጉዞ ላይ ለምን ይለያያል? ማንሻውን በሽቦ ማሰርስ ይበቃል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለሌሎችም እንዲገባ በአጭሩ ላስቀምጠው። አሜሪካ ውስጥ በጭነት ባቡር ላይ ለኮንዳክተርነት እየሠለጠንክ ነው። አንድ ቀን ባቡራችሁ ዳገት ላይ ሳለ ከመሐል ተለያየ። ሄዳችሁ ስታዩ የተሰበረ ነገር የለም፤ ማያያዣው ዝም ብሎ ክፍት ሆኖ ተገኘ። አንድ ነባር ሠራተኛ ማያያዣው የሚከፈትበትን እጀታ እያሳየ «ማንሻውን በሽቦ ጠፍረህ እሰረው፣ ሁለተኛ አይከፈትም» አለህ። አንተም ብረት ራሱን እንዴት ይከፍታል፣ ሽቦውስ ይበቃል ወይ፣ ደግሞ ቢለያይ መጀመሪያ ምን ላድርግ ብለህ ጠየቅህ።

እኔ የምሠራው በፉርጎ ምርመራና ጥገና ላይ ነው። ሽቦው አይበቃም። አለቦታው ሲታሰርማ እሱ ራሱ ከፋች ይሆናል። ምክንያቱን ለማየት ማያያዣው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

በእጅህ የምትከፍተው ማያያዣ ኢሊ ጃኒ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዓይነት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በፊት ሠራተኛው በሁለት ፉርጎዎች መሐል ቆሞ ቀለበቱን በእጁ እየመራ ፒን ይሰካ ስለነበር ጣቱን ያጣው፣ ተጨፍልቆ የሞተውም ብዙ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1893 ሰው መሐል ሳይገባ በራሱ የሚያያዝ ማያያዣና የአየር ፍሬን እንዲገጠም በሕግ ያስገደደው በዚህ የተነሳ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ በሚመጣው አዲሱ መስመር ላይ ያሉት ፉርጎዎችም በቻይና ደረጃ የተሠሩ በመሆናቸው ማያያዣቸው የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው አገር ቤት ላሉት ልጆችም ይሆናል።

ማያያዣው ሲሠራ ሁለት ሰዎች ጣታቸውን አጥፈው እንደሚቆላለፉ ነው። የሚታጠፈው ብረት ነክል ይባላል፤ በፒን ላይ ይዞራል። ሁለት ፉርጎዎች ሲጋጩ ነክሉ ይዘጋል፣ ሲዘጋ ደግሞ የማያያዣው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ወፍራም የብረት ቁልፍ ወርዶ ከነክሉ ጅራት ጎን ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ነክሉ መዞሪያ ቦታ የለውም። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ቁልፉን ወደ ታች የሚያወርደው ስፕሪንግ አይደለም፣ የገዛ ክብደቱ ነው። ባቡሩ ደግሞ ሌት ተቀን ይንቀጠቀጣል። በክብደቱ የወረደ ነገር በንዝረት ቀስ እያለ ሊወጣ ይችላል። ይህ እንዳይሆን ከቁልፉ ጋር የተያያዘች ትንሽ ተንቀሳቃሽ ብረት አለች፤ ማገጃ እንበላት። ቁልፉ ከታች በንዝረት ሲገፋ ጭንቅላቱ ውስጥ ካለው እርከን ሥር ገብታ ታግደዋለች፤ በማንሻው ሲሳብ ግን መጀመሪያ ራሷ ከእርከኑ ትላቀቅና መንገድ ትለቃለች። ቁልፉ ሰው ሲስበው እንጂ መንገድ ሲያንገጫግጨው እንዳይነሳ የሚያደርገው የዚህች ብረትና የእርከኑ መገጣጠም ነው። ሁለቱ ሲበሉ ወይም ሲሰበሩ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ማያያዣው ይዘጋል፣ ይጎትታል፣ ለብዙ ጉዞም ደህና ይመስላል።

ደግነቱ መፈተኛው ቀላል ነው። ዲጂኖ ይዘህ፣ ባቡሩ ቆሞ ጥበቃ ከተሰጠህ፣ ማለትም ነጂው ባቡሩን እንደማያንቀሳቅስ ካረጋገጠልህ በኋላ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጎንበስ በል። በባትሪ ስታይ የቁልፉ እግር በታችኛው ቀዳዳ በኩል ወጣ ብሎ ይታይሃል። የዲጂኖውን ጫፍ ከእግሩ ሥር አስገብተህ ወደ ላይ ፈልቅቀው። ጥቂት ከፍ ይልና ድርቅ ብሎ መቆም አለበት። እየወጣ እየወጣ ሄዶ ነክሉን እስከ መልቀቅ ከደረሰ ማገጃው ሞቷል፤ ያ ፉርጎ ባቡር ውስጥ መግባት የለበትም፣ ወደ ጥገና ይሂድ። ባቡራችሁ ተለያይቶ የተሰበረ ነገር ካልተገኘ፣ መጀመሪያ ይህ ፈተና በሁለቱም ፊት ለፊት ጭንቅላቶች ላይ መሠራት ነበረበት። አንዱን ብቻ ፈትሾ መተው የተለመደ ነው፤ ግን ሁለት ነክሎች ተያይዘው አንዱ ከተከፈተ ሌላው ቢዘጋም ዋጋ የለውም።

ይሁንና ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ሌላ ነው፤ ማያያዣው ከመጀመሪያውም አልተቆለፈም። ፉርጎዎቹ ሲጋጩ «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሠራተኛው እጁን ያወዛውዛል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ውስጥ ግን ቁልፉ መንገድ ላይ ቆሟል። አሸዋ፣ ዝገት፣ በረዶ፣ ወይም የዛገ ነክል ትንሽ ሳይዘጋ ቀርቶ ቁልፉን አላስወርደው ብሏል። ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲጎተት ይይዛል፤ ዳገት ላይ ሙሉ ጉልበት ሲመጣ ይከፈታል። አንዳንዱ ይህን ለማቅለል ጭንቅላቱ ውስጥ ግራሶ ይጨምራል። አታድርገው። ግራሶ አቧራ ይሰበስብና ሁለቱ ተዋህደው ቁልፉን እንደ ማጣበቂያ ይይዙታል፤ በተለይ አሸዋ በሚነፍስበት አገር የባሰ ነው። ማያያዣ ማቅለል ካስፈለገ ደረቅ ግራፋይት ነው።

ስለዚህ ማያያዣ በዓይንና በጉልበት እንጂ በጆሮ አይረጋገጥም። ከተያያዙ በኋላ ነጂው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት በቀስታ ይጎትት፤ የኋላዎቹ ፉርጎዎች የእጅ ፍሬን ይዟቸው ስለሚቆሙ ማያያዣው ይወጠራል። ያልወረደ ቁልፍ እዚያው ይለቃል፣ የሚለቀውም ማንም በማይጎዳበት ቦታ ነው። ከዚያ ሄደህ የቁልፉን እግር ታያለህ። የአየር ቱቦውን የምታገናኘው ከዚህ በኋላ ነው። ፍጥነቱም የሰው እርምጃ ያህል፣ በሰዓት ከ4 ማይል ያልበለጠ ይሁን። በኃይል ማጋጨት የተሻለ ያስይዛል የሚል እምነት አለ፤ እውነቱ ግን ቁልፉ ሳይወርድ ነክሉ ተመልሶ እንዲፈናጠር ያደርጋል፣ ጭንቅላቱን ይሰነጥቃል፣ ጭነቱንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ። ማንሻው የተሰቀለው በፉርጎው አካል ላይ ነው። ጭንቅላቱ ግን ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተጣበቀ አይደለም፤ ከኋላው ግፊት የሚመጥጥ ዕቃ አለውና ባቡሩ ሲጎትት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲገፋ ይገባል፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይዞራል። በማንሻውና በቁልፉ መካከል ያለው ሰንሰለት ወይም ዘንግ ለዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚሆን መላላት ሊኖረው ይገባል። ማንሻው ከተጣመመ፣ ሰንሰለቱ በሌላ አጭር ሰንሰለት ከተተካ፣ ወይም አንድ ሰው «አጥብቄ ልሰረው» ብሎ ሰንሰለቱን እስከሚወጠር ድረስ በሽቦ ካሰረው፣ ባቡሩ ዳገት ላይ ሲወጠር ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የታሰረው ማንሻ ባለበት ይቀራል፣ ቁልፉም ይሳባል። ሰው ሳይነካው የተከፈተ የሚመስለው አንዱ መንገድ ይህ ነው። ያንተን ባቡር በዓይኔ ስላላየሁ ይሄ ነው አልልህም፤ ግን ዳገት ላይ መሆኑና የተሰበረ አለመኖሩ ከማገጃው ቀጥሎ ወደ ማንሻው እንድመለከት ያደርገኛል።

ሽቦ ጨርሶ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ማንሻው እየዘለለ እንዳይነሳ፣ መንገድ ላይ ከበቀለ ቁጥቋጦ ወይም ከተከመረ ጠጠር ጋር እንዳይያዝ፣ መንገደኛ ወይም ተንኮለኛ እንዳይስበው ይረዳል። ከታሰረ ታዲያ ማንሻው ወደ ታች ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ሰንሰለቱ ልል ሆኖ ይታሰር፤ የምትሠራበት ድርጅት ደንብም የሚፈቅደው መሆን አለበት። የሞተ ማገጃን፣ ያልወረደ ቁልፍን፣ የተበላ ነክልን ግን ሽቦ አያድንም።

ባቡር የሚለያይበት ሌላው መንገድ የማያያዣው ከፍታ ነው። የተለመደው የጭነት ማያያዣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያግደው ነገር የለውም፤ አንዱ ነክል በሌላው ላይ ይንሸራተታል። በአሜሪካ ደንብ የማያያዣው መሐል ከሐዲዱ ከ876 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ተጭኖ ሳለ ደግሞ ከ800 ሚሊ ሜትር በታች እንዲሆን አይፈቀድም። ልዩነቱ ያለ ነገር አልተወሰነም፤ ነክሉ የሚይዘው የብረት ቁመት የተወሰነ ስለሆነ ነው። ባዶ ፉርጎ ከተጫነ ፉርጎ ቀጥሎ ሲመጣ፣ የአንዱ ስፕሪንግ ተሰብሮ ጎማው ተበልቶ ሲወርድ፣ ሐዲዱም ረግረጋማ ቦታ ላይ ሲሰምጥ ሦስቱ ተደምረው አንዱ በሌላው ላይ ያልፋሉ። ሁለቱም ነክሎች ተቆልፈው ሳለ ባቡሩ ተለያይቶ ካገኘኸው ቁልፉን መፈተሽ ትተህ ሜትር አውጣና ከፍታውን ለካ።

ለዚህ መፍትሔው በብረቱ ቅርጽ ላይ ነው የተሠራው። የመንገደኛ ባቡር ማያያዣዎች እርስ በርስ የሚጠላለፉ ክንፎች ስላሏቸው ወደ ላይ አይንሸራተቱም፤ ሐዲድ ሲስቱ እንኳ ፉርጎዎቹ ተያይዘው እንዲቀሩ ስለሚረዱ የመገልበጡና አንዱ በሌላው ላይ የመውጣቱ አደጋ ይቀንሳል። ነዳጅና ኬሚካል የሚጭኑ ታንከሮች ደግሞ ከነክሉ በላይና በታች መደርደሪያ መሰል ብረት የተበጀላቸው ናቸው። ይህ የመጣው በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማያያዣዎች እየተላቀቁ የጎረቤት ታንከርን ጫፍ እየበሱ ጋዝ ካፈነዱ በኋላ ነው። ጁላይ 19 ቀን 1974 ኢሊኖይ፣ ዲኬተር ውስጥ በግቢ ሥራ ላይ የተበሳ የጋዝ ታንከር ፈንድቶ ሠራተኞች ሞተዋል። ታንከር ስትመረምር እነዚያ መደርደሪያዎች አለመሰበራቸውን ሳታይ አትለፍ።

ብረት ሲሰበር የሚሆነውን በአጭሩ ልንካው፤ ያንተ ባቡር ጉዳይ ይህ አይደለምና። ነክሉ ሆን ተብሎ ደካማው ዕቃ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሱ የሚብሰው ጭንቅላቱ በሙሉ ከፉርጎው ተነቅሎ ሐዲድ ላይ መውደቁ ነው፤ ያኔ የኋላዎቹ ይወጡበትና ሐዲድ ይስታሉ። ነክል ግን ከ35 ኪሎ በላይ ቢመዝንም ሰው ተሸክሞ ሊቀይረው ይችላል። ሲሰበር የተሰበረውን ፊት እይ። ሁሉም ቦታ የሚያብረቀርቅና እህል እህል የሚል ከሆነ አዲስ ስብራት ነው፤ ባቡሩ በኃይል ተነጥቋል ማለት ነው። አንደኛው ጥግ ዝጎ ከጠቆረ ግን ስንጥቁ ቆይቷል፣ መርማሪው አልፎታል ማለት ነው። ሁለቱ ጥፋቶች የተለያየ ሰው ዘንድ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ስብርባሪውን ቦይ ውስጥ አትወርውረው።

የመንጠቁ ነገር በነጂው እጅ ነው። በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ጥቂት መላላት አለ፤ በመቶ ፉርጎ ሲባዛ ብዙ ሜትር ይሆናል። የፊቱ ሲሄድ የኋላው ገና ቆሟል፤ መላላቱ ተስቦ ሲያልቅ የኋላው በአንድ ጊዜ ይነጠቃል። ቁጥሩን ላሳይህ። በ100 ሜትር 1.8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ እያንዳንዱ 1,000 ቶን ባቡር ወደ 18 ቶን በሚጠጋ ጉልበት ወደ ኋላ ይስባል። ከተለያየው ቦታ በስተኋላ 4,000 ቶን ካለ ያ አንድ ነክል የኋላው ፍሬን ሳይይዝ ባቡሩ ቆሞ ሳለ እንኳ 72 ቶን ያህል ይሸከማል፤ ንጥቂያው ከዚህ በላይ የሚመጣ ነው። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ወደኛው መስመር ስታስበው የማያያዣ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባሃል።

ማያያዣው ከተላቀቀ በኋላ ሰው የሚያድነው ፍሬኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጁን 12 ቀን 1889 አየርላንድ ውስጥ አርማ ከተማ አጠገብ ሕፃናትና ወላጆቻቸውን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት አቃተው። ሠራተኞቹ ሆን ብለው ለሁለት ከፈሉት፤ የፊቶቹን አምስት ጋሪዎች አድርሰው ለኋለኞቹ አሥር ሊመለሱ። ፍሬኑ አየር በመምጠጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበረ፣ ሲለያይ የኋለኛው ክፍል ላይ ጨርሶ ለቀቀ። አሥሩን ጋሪ የያዘው በመጨረሻው ጋሪ ያለ የእጅ ፍሬንና ከጎማ ሥር የተደረገ ድንጋይ ነበር። የፊተኛው ለመነሣት ሲል ጥቂት ወደ ኋላ ሸተት ብሎ ገፋቸው፤ ድንጋዩ ደቀቀ፤ አሥሩ ጋሪ ቁልቁል ወርዶ ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተላተመ። 80 ያህል ሰው ሞተ፤ ከነሱም ውስጥ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ምክር ቤት በመንገደኛ ባቡር ላይ ባቡሩ ሲለያይ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖር አስገደደ። የሚያሳዝነው፣ መቶ ዓመት አልፎም በ2002 ሞዛምቢክ፣ ቴንጋ ላይ መንገደኛ የያዙ ፉርጎዎች ተለይተው በድንጋይ ተደግፈው ቆመው ተንሸራተቱ፤ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ድንጋይ ፍሬን አይደለም።

ዛሬ የምትጠቀምበት የአየር ፍሬን መሠረቱ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ያወጣው ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የአየር ጋን አለው። በቧንቧው ውስጥ ግፊት እስካለ ፍሬኑ ለቆ ይቆያል፤ ቱቦው ሲበጠስ ግፊቱ ይወድቅና እያንዳንዱ ፉርጎ በራሱ ጋን አየር ይይዛል። ስለዚህ ባቡር ሲለያይ ሁለቱም ክፍል መቆም አለበት። ግን ይህ የሚሆነው አየሩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ የሚደርስ ከሆነ ብቻ ነው። መሐል ላይ አንድ የቧንቧ መዝጊያ ተዘግቶ ከቀረ፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ከነጂው እጅ ውጭ ነው። በ1996 ካሊፎርኒያ፣ ካሆን ፓስ ላይ የጭነት ባቡር በቧንቧው መዘጋት የተነሳ ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው በመጨረሻው ፉርጎ ላይ የሚሰቀለው፣ ግፊቱን ለነጂው የሚያሳውቀውና ከኋላ በኩልም ፍሬን የሚያሲዘው መሣሪያ በሕግ የተጠየቀው። የፍሬን ፈተና ስታደርግ የፊቱን ማሳያ አይተህ አትጨርስ፤ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ግፊቱ ሲወርድና ሲወጣ፣ የፍሬን ጫማው ጎማውን ሲነካና ሲለቅ መታየት አለበት።

ባቡሩ ከተለያየ ምን ላድርግ ላልከው። ግፊቱ ወድቆ ባቡሩ ቆመ። ነጂው የባቡሮችን እንቅስቃሴ ለሚመራው መቆጣጠሪያ ያሳውቃል፤ በጎን ሐዲድ የሚመጣ ባቡር ካለ እንዲቆም፣ የወደቀ ፉርጎ ሊኖር ይችላልና። አንተ የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮና ትርፍ ቱቦ ይዘህ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። የተለያየው ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ እጅህ የሚሄደው ወደ ማያያዣው ሳይሆን የኋለኛው ክፍል የእጅ ፍሬን ላይ ነው። በአየር የተያዘ ፉርጎ አየሩ እስኪያፈተልክ ድረስ ብቻ ነው የሚቆመው። ይባስ ብሎ፣ አያይዘህ ቱቦውን አገናኝተህ አየር ስትሞላ ፍሬኑ በሙሉ ይለቃል፤ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ያን ሁሉ ቶን የሚይዘው ሎኮሞቲቩ ብቻ ይሆናል። በዚያ 1.8 ሜትር ዳገት ላይ ያመለጠ ክፍል በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ሮጠህ አትደርስበትም። ስንት ፉርጎ ላይ እንደሚታሰር ደንባችሁ እንደ ዳገቱና እንደ ክብደቱ ይነግርሃል፤ ካሰርክ በኋላም እንደያዘ ፈትን።

ከዚያ መሐል ለመግባት በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቢያንስ 15 ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ነጂው የአቅጣጫ መያዣውን መሐል አድርጎ፣ የሎኮሞቲቩን ፍሬን ይዞ፣ የጄኔሬተሩን ማብሪያ አጥፍቶ ጥበቃ እንደሰጠህ በሬዲዮ እስኪነግርህ ድረስ እግርህ ሐዲዱን አይሻገር። ጭንቅላት ወደ ጎን ከዞረ በእግር አትግፋው። ሁለቱን ቁልፎች በዲጂኖ ፈትን፣ የሰንሰለቱን መላላት እይ፣ ከፍታውን ለካ። አንዱ ካላለፈ አታያይዝ፤ ፉርጎውን በቅርብ ጎን መስመር የምትተዉበትን መንገድ ከመቆጣጠሪያው ጋር ተነጋገሩ። ሁሉም ካለፈ አያይዝ፣ ወጥር፣ የቁልፉን እግር እይ፣ ቱቦውን አገናኝ፣ አየሩን ሙላ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ግፊቱን አረጋግጥ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚፈታው በመጨረሻ ነው።

ያ ነባር ባልደረባህን በክብር «ጋሼ፣ ዲጂኖውን አብረን እንሞክር» በለው። ማገጃው በሞተ ማያያዣ ላይ ቁልፉ ከእጁ ሥር እየወጣ ሲሄድ በዓይኑ ያየ ሰው ሽቦ አምጡ አይልም። የባቡራችሁ የሁለቱ ፉርጎዎች ቁጥር ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለጥገና ክፍሉ አሳውቅ፤ ተመርምረው ካልተያዙ አሁንም ሌላ ባቡር ውስጥ ገብተው እየሄዱ ይሆናል።